በዝናብ ያመካኘ ሰው

ጅግጅጋ ገብታችሁ «ቀለም ዲሽ» ብላችሁ ብትጠይቁ ባጃጅ ነጂው ሁለተኛ ቃል ሳይጨምር በሩ ላይ ያወርዳችኋል። ሙሉ ስሙ ቀለመወርቅ ነው። በሙሉ ስሙ የሚጠሩት የቀበሌ መዝገብና ሚስቱ ሶሲና ብቻ ናቸው፤ እሷም የምትጠራው ስትቆጣ ነው። አያቱ በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ፣ አባቱ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሲያገላብጡ ጡረታ የወጡ፣ እሱ ደግሞ የሁለቱንም ሥራ ትቶ ሃያ አምስት ዓመት በሰው ጣሪያ ላይ የኖረ ሰው ነው። የትኛው ቆርቆሮ ሰው እንደሚሸከም፣ የትኛው ደግሞ ባለሙያውን ከነመሣሪያው ሳሎን ውስጥ እንደሚጥል በውስጥ እግሩ ያውቃል።

መጥፎ ባለሙያ አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርለት። እጁ ፈጣን ነው፣ አፉ ጣፋጭ ነው፣ ጫማውን ሳያወልቅ ሰው ቤት አይገባም። ችግሩ አንዲት አባባል ነበረችው፤ ራሱ የፈጠራት። «ስድሳ ለፀሐይ ይበቃል» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ዲሽ ሲተከል የሲግናሉን ጥራት ከመቶ የምታሳይ ትንሽ መሣሪያ አለች። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ስድሳ የገባ ዲሽ ምስሉ ልቅም ያለ ነው፤ ባለቤቱ ይመርቃል፣ ባለሙያው ይወርዳል። ያንኑ ዲሽ ሰማንያ ለማስገባት ግን በጣት ውፍረት ወዲህ ወዲያ መግፋት፣ ከፊቱ የተሰካችውን የዲሹን ዐይን ትንሽ ማዞር፣ ብሎኑን እያላሉና እያጠበቁ ቁጥሯን መጠበቅ ይጠይቃል። ከስድሳ በላይ ያለችው ሃያ የምታስፈልገው ለዝናብ ብቻ ነው። ከባድ ዝናብ ሲወርድ ሲግናሉን ይበላዋል፤ ትርፍ ያለው ዲሽ ይችለዋል፣ ትርፍ የሌለው ምስሉን ያጠፋል። ጅግጅጋ ላይ ደግሞ በዓመት ስንት ቀን እንዲህ ያለ ዝናብ ይወርዳል?

በ2012 ግድም ከተማው በሙሉ ዲሹን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲያዞር ቀለም በቀን አሥር ጣሪያ ይወጣ ነበር። ስድሳ ሲገባ ይወርዳል፤ ቀጣዩም ስድሳ ሲገባ ይወርዳል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። እሱ ግን ያፈሰሰውን ልቀም የሚለው ሰው አልመጣበትም።

ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ቶሎ በተነቃበት። እዚህ ግን ዝናብን የሚያማ ሰው የለም። ካራማራ ተራራ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ሱቅ ያለው ከሱቁ፣ ቤት ያለው ከቤቱ ወጥቶ ደጃፍ ላይ ይቆማል። «ሮብ» ይላሉ ሶማሌዎቹ፤ ዝናብ ማለታቸው ነው፤ ቃሉን ሲናገሩት ፊታቸው ይፈታል። ዘመዱ ሁሉ ገጠር ከግመልና ከፍየል ጋር ሆኖ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ሰው፣ ዝናብ መጥቶለት ሳለ «ቴሌቪዥኔ ጠፋ» ብሎ ቢያማርር ነውር ነው። ከመሀል አገር የሄደው ነጋዴም፣ እዚያው የተወለደው የወታደር ልጅም ይህንኑ ለምዷል። አልፎ አልፎ ደውሎ የሚጠይቅ ቢኖር ቀለም «ዝናቡ የሁሉም ላይ ነው፤ ሲያባራ ይመጣል» ይለዋል፤ ሲያባራም ይመጣል። በዚህ ዓይነት ስንት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ሥራውን አልነቀፈበትም። እሱ ደግሞ ይህን የሙያው ምስክር አድርጎ ቆጠረው።

ከቤቱ ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብለው ኤዶ ዐርዶ ይኖሩ ነበር። ኤዶ በሶማልኛ አክስት እንደ ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ኤዶ ነው የሚላቸው። ሀርሺን በኩል ከአርብቶ አደር ተወልደው፣ ጅግጅጋ ገብተው ዕድሜያቸውን የግመል ወተት ሲሸጡ የኖሩ፣ በመጨረሻ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ቤት የዋሉ ሴት ናቸው። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ሲያልቅ ከተማዋ በታመሰች፣ ሶማሌ ያልሆነው ሁሉ በየቤቱ በተፈለገ ጊዜ ቀለምንና ሶሲናን ወተት ከሚያስቀምጡባት የጓዳ ክፍል አስገብተው፣ ራሳቸው ሦስት ቀን ደጃፍ ላይ በርጩማ ይዘው ተቀመጡ። የመጣ ሁሉ «ውስጥ ማን አለ?» ሲላቸው «ልጆቼ» ይሉ ነበር። ቀለም ከጓዳ ሆኖ ይህን ቃል በጆሮው ሰምቷል።

ስለዚህ በ2013 መግቢያ ላይ ልጃቸው ዋሪስ ቴሌቪዥን ገዝቶ ሲያመጣላቸው ዲሹን ቀለም በነፃ ተከለላቸው። እንዴት ያለ ደስ የሚል ነገር ነው፣ አይደል? ግን በነፃ የሚሠራ ሥራ መቼ እንደሚሠራ ታውቃላችሁ፤ በሁለት ሥራ መካከል ነው። ሌላ ደንበኛ ባጃጅ ልኮበት፣ ነጂው በር ላይ ሞተር ሳያጠፋ እየጠበቀ፣ መሣሪያዋ ሃምሳ ስምንት ላይ ቆመችበት። ከራሱ ሕግ እንኳ ሁለት የጎደለች። «ተመልሼ አስተካክለዋለሁ» አለ በልቡ፤ ወረደ፤ ኤዶ መረቁት፤ ሄደ። አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ድርቁ መጣ። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት እስኪቀሩት ድረስ አቧራ ከመንካት ያላለፈ ካፊያ እንጂ ዝናብ የሚባል አልታየም። ሀርሺን የቀሩት የኤዶ ዘመዶች ከብታቸው አለቀ። ሃምሳ ስምንቷ ግን ፀሐይ ብቻ ስለሚያያት ምስሉ ልቅም እንዳለ ነበር።

የዋሪስ ልጅ ኢልሃን እናቷ በወሊድ ስለሞተችባት አያቷ እጅ ነው ያደገችው። ቁርኣንን በልቧ የያዘችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በ2015 ረመዳን አሥራ አራት ሞልቷት አዲስ አበባ በሚደረግ የቁርኣን ውድድር ከመጨረሻዎቹ አምስት ልጆች አንዷ ሆነች። የመጨረሻው ቀን በቴሌቪዥን በቀጥታ እንደሚተላለፍ ተነገረ። አባቷ ይዟት ሄደ፤ ኤዶ ግን በዚያ ጉልበት መኪና ላይ መውጣት አይችሉም። ወሩን በሙሉ የተነጋገሩት ስለዚያች አንዲት ከሰዓት በኋላ ነበር። ልጅቷ እዚያ ቁርኣን ስትቀራ፣ እሳቸው እዚህ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሊያደርጉላት ተቃጥረዋል። «አንቺ አፍሽን ስትከፍቺ እኔ እጄን እዘረጋለሁ» ብለዋታል።

በዋዜማው ቀለምን ጠሩት።

«ቀለም፣ ይህ ዲሽ ደህና ነው?»

ቀለም በር ላይ ቆሞ ቴሌቪዥኑን አየ። ምስሉ ጥርት ብሏል። መሰላሉ ቤቱ ነው፤ ሃምሳ እርምጃ። ሁለቱም ቤት ጾም ነበር፤ እሳቸው ረመዳን፣ እነሱ ሁዳዴ፤ ፀሐዩ ጠንክሯል፣ ድካም ድካም ብሎታል።

«በጣም ደህና ነው ኤዶ» አላቸው።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ኤዶ ነጭ ሻሻቸውን አስረው፣ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን በትራስ አስደግፈው ጠበቁ። ቀለምንም «አብረኸኝ እይ» ብለው አስቀመጡት። ካራማራ በኩል ጠቁሯል፤ ነፋሱ የአፈር ሽታ ይዞ ገብቷል። ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ሰማይ ያያል። ሦስት ልጆች ቁርኣን ቀርተው ወረዱ፤ አራተኛዋ ኢልሃን ነበረች። ወደ መቀመጫው ስትሄድ ኤዶ «ቀጥናለች» አሉ። ልጅቷ ተቀመጠች። ሻርፗን አስተካከለች። የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮውን መታ፤ ወዲያው ሌላው ተከተለ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ጮኸ። ኢልሃን አፏን ከፈተች፤ ኤዶም እጃቸውን ዘረጉ። ምስሉ በካሬ በካሬ ተቆራረጠና የልጅቷ አፍ እንደተከፈተ ደርቆ ቀረ። አንድ ግማሽ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ሰማያዊው ሰሌዳ መጣና ሲግናል የለም አለ።

ኤዶ መጀመሪያ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እንደዚያ ነው የሚባለው። ቀጥለው ሰማያዊውን ሰሌዳ አዩ፤ የተዘረጋ እጃቸውን ግን አላጠፉም።

«ቀለም፣ እናንተ ቤት ይታይ ይሆን? ተሸክመኸኝም ቢሆን ውሰደኝ።»

ሰው ሁሉ በሕይወቱ ውስጥ አንዲት መልሶ ሊውጣት የሚመኛት ቃል አለችው። የቀለም ይህቺ ናት። ከልምድ የመጣች ናት፤ ሳያስባት ነው የወጣችው።

«ዝናቡ የሁሉም ላይ ነው ኤዶ። በዚህ ዝናብ የትም ቤት አይታይም። ሲያባራ ይመጣል።»

አመኑት። ጣሪያ የሚያውቅ ሰው ነዋ። ሁለቱም ሰማያዊውን ሰሌዳ እያዩ ሲጠብቁ ብዙ ደቂቃ ሄደ። ከዚያ ሃምሳ ስምንቷ ትዝ አለችው። «መሣሪያዬን ላምጣ» ብሎ ተነሥቶ በዝናቡ ውስጥ ሮጠ።

የራሱን ቤት በር ሳይከፍት ነው የኢልሃንን ድምፅ የሰማው። የራሱን ዲሽ፣ መቼም የራሱ ነውና፣ ሰማንያ አምስት ላይ አድርጎ ነበር የተከለው። ሶሲና ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋለች። ምስሉ ጥርት ብሏል፤ ማዕዘኑ ላይ «ቀጥታ» ይላል። ልጅቷ የመጨረሻውን ቃል ዘርግታ፣ ዘርግታ ጨረሰች። ዳኛው አመሰገናት። ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«እንዴት አድርጋ ቀራች፣ ቋንቋውን ሳላውቀው አስለቀሰችኝ» አለች ሶሲና ዘወር ሳትል። «ኤዶስ? አለቀሱ?»

ቀለም ውኃው ከልብሱ እየተንጠባጠበ ተመልሶ ወጣ። ሃምሳ እርምጃ ነበር። ኤዶ ዐርዶ ከአንድ ከረጢት ስኳር የማይከብዱ አሮጊት ናቸው። ተሸክሟቸው ቢሮጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ሲመለስ ኤዶ እጃቸውን አጥፈዋል።

«እናንተ ቤትስ?»

«የኛም ጠፍቷል» አለ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የመጀመሪያው ስህተት ነበር፤ ይህኛው ግን ውሸት ነው፤ ልዩነቱን እሱም ያውቀዋል።

«ሀየ» አሉ ኤዶ፤ እሺ ማለታቸው ነው። «ዝናብ አይታማም። በል በርሜሉን ከአሸንዳው ሥር አድርግልኝ፤ ውኃው እንዳይባክን።»

በርሜሉን አደረገ። እስኪሞላ ድረስ አጠገቡ ቆሞ ቀረ።

ያን ቀን ማታ ሶሲና ነገሩን ከፊቱ አነበበችው። ሲነግራት አልጮኸችም። «ቀለመወርቅ» አለችው ብቻ፤ ቆየት ብላም «ሴትዮዋ እኛን ልጆቼ ብለው ሦስት ቀን ደጃፍ ላይ የተቀመጡ ናቸው» አለች።

«እንዳትነግሪያቸው» አላት።

«አልነግራቸውም። ግን አልዋሽም። ስለዚህ አልሄድም።» ለሁለት ሳምንት የኤዶን ደጅ ሳትረግጥ ቀረች። ኤዶም «ሶሲና አሟታል እንዴ?» እያሉ በየቀኑ ይጠይቁት ነበር።

በማግስቱ ጧት ቀለም መሰላሉን ይዞ ሄዶ ጣሪያቸው ላይ ወጣ። የዲሹን ዐይን ትንሽ አዞራት። ዲሹን በጣት ውፍረት ወደ ምሥራቅ ገፋው። ብሎኑን አጠበቀ። ሰማንያ ሦስት ገባ። ሰዓቱን አየ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀበት። እዚያው ጣሪያ ላይ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ መውረድ አቃተው።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ዝናብ መጣ። ከፊተኛው የባሰ ነበር፤ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ለመነጋገር ይጮኻል። ቀለም የተዘጋ አሸንዳ ሊያስተካክልላቸው መጥቶ ከኤዶ ጋር ቤት ውስጥ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ዜና ይነበባል። ምስሉ አልተንቀጠቀጠም፤ አንዲት ካሬ አላሳየም። ኤዶ ቴሌቪዥኑን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ፤ ከዚያ እሱን አዩት።

«ቀለም» አሉ፣ እንዲሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የዛሬው ዝናብ ከዚያን ቀኑ ያንሳል?»

እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተመቸ ሰዓት አያገኝም ነበር። ይቅርታ እንደሚያደርጉለትም ያውቃል። ያስቸገረው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባውም። ያቺን «ልጆቼ» ያለች አፍ «ዋሸኸኝ» ስትለው መስማት ፈርቶ ይሆናል።

«ያንሳል ኤዶ» ብሎ ጮኸ።

«ሀየ» አሉ። ራሳቸው እየጾሙ ለሱ ሻይ ቀዱለት።

ኢልሃን ሦስተኛ ወጥታ ከዒድ በኋላ ተመለሰች። ቅጂውን በስልክ አሳየቻቸው፤ ግን የኤዶ ዐይን በዚያች ትንሽ መስታወት ላይ ሰው አይለይም፤ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙና «ማሻአላህ» አሉ። ደስ አላቸው። የተቃጠሩት ግን ይህን አልነበረም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ፣ ከተማው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ፣ ኤዶ ዐርዶ ሁለት ቀን ብቻ ታመው ዐረፉ። ቀለም ከቀባሪዎቹ ጋር ተሰልፎ ሄደ። ሶሲና በደረቷ ተደፍታ አለቀሰች። ዳግም መሄድ ከጀመረች በኋላ ኤዶን ደጋግማ ጠይቃቸዋለች፤ ያለፉባትን ሁለት ሳምንታት ግን ለራሷ ይቅር አላለችም፤ ለሱም ጭምር።

በአራተኛው ቀን ቀለም ቆርጦ ተነሣ። ለኤዶ ያልነገራቸውን ለልጅቷ ሊነግራት፣ ቢያንስ ለአንድ ሰው ሊናዘዝ ሄደ። ኢልሃን በአያቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት። አደር ቀለም ትለዋለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

«ኢልሃን፣ ያን ቀን፣ አንቺ ስትቀሪ…» ብሎ ጀመረ።

«አያቴ ነግራኛለች» አለች ልጅቷ። ፊቷ በራ። «አደር ቀለም፣ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ሳታየኝ ቀረች ብዬ አልቅሻለሁ። እሷ ግን ምን አለችኝ መሰለህ? አፍሽን ስትከፍቺ ዝናቡ መጣ አለችኝ። ሦስት ዓመት የለመንነው ዝናብ አንቺ ስትቀሪ ወረደ፤ ድምፅሽን የወሰደው እሱ ነው፤ እኔ አልቀረብኝም አለችኝ። የሀርሺን ዘመዶቻችን በሙሉ እንደዚያ ነው የሚያወሩት።» ወደ እሱ ጠጋ አለች። «አንተ እዚያ ነበርክ። ልክ አፌን ስከፍት ነው የመጣው?»

«ልክ አፍሽን ስትከፍቺ ነው» አለ ቀለም። ይህ እውነት ነበር።

«ዝናቡ ነው አይደል ያጠፋው?»

ቀለም ምንጣፉን አየ። ኤዶ ያን ቀን ትራሳቸውን ያስደገፉበት ግድግዳ ላይ ዐይኑ ዐረፈ። የዚያን የሁለተኛውን ዝናብ ጥያቄ፣ ያቺን «ሀየ» አስታወሰ። ኤዶ ሳያውቁ የቀሩ አልመሰለውም። አውቀው፣ እውነቱን ይዘው፣ ለልጅቷ የሚሻለውን መርጠው ሄደዋል። እሱ አሁን ቢናዘዝ የሚቀለው ለራሱ ነው፤ ልጅቷን ግን አያቷ የሰጧትን ይነጥቃታል።

«አዎ፣ ዝናቡ ነው» አላት። ሦስተኛ ጊዜው ነው።

ከዚያ ወዲህ ቀለም ሥራውን ቀይሯል። በየበጋው፣ ደመና ሳይኖር፣ የድሮ ደንበኞቹን ደጅ እያንኳኳ ጣሪያቸው ላይ ይወጣል። ማንም አልጠራውም፣ ማንም አይከፍለውም። እርጥብ ጆንያ ይዞ ይወጣና የዲሹን ዐይን ይሸፍንበታል፤ እርጥቡ ጆንያ ሲግናሉን እንደ ዝናብ ያዳክመዋል። ምስሉ ከጠፋ ጆንያውን ያነሣና ዲሹን ያስተካክላል፤ ደግሞ ይሸፍናል። ሳይጠፋ ሲቀር ብቻ ይወርዳል። ሰዎች ይስቁበታል። «ቀለም፣ ብርድ ያዘው እንዴ ዲሹ፣ የምታለብሰው?» ይሉታል። እሱም ይስቃል። ስድሳ የሚለው ቃል ዳግም ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ዝናብ ሲመጣ ግን አይስቅም። ካራማራ ሲጠቁር ደጃፉ ላይ ወጥቶ ይቆማል፤ የሚያየው ሰማዩን ሳይሆን ሃምሳ እርምጃ ወዲያ ያለውን የኤዶ ዐርዶን መስኮት ነው። በከተማዋ ከዚያ ቤት ዲሽ የተሻለ ዲሽ የለም፤ ምንም ዓይነት ዝናብ ቢወርድ ምስሉ አይጠፋም፤ ራሱ ነው የሠራው። ግን የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮውን እንደመታ የቴሌቪዥኑ ብርሃን ከመስኮቱ ላይ ድርግም ይላል። ኢልሃን ናት የምታጠፋው። አያቷን ልታስብ፣ በርሜሉን ከአሸንዳው ሥር ታስጠጋና ደጃፍ ላይ ቆማ መቅራት ትጀምራለች፤ ቀለምን ስታየው እጇን ታውለበልብለታለች፤ እሱም መልሶ ያውለበልባል።